ርኅራኄ ያልተሰጠው ሁሉ ጨካኝ ነውን?

ለመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በአንድ ተማሪ ቤት አንድ ልጅ አባቱ ሞተበት ተብሎ ይታሰብ። እንደ አገሩ ልማድ የክፍሉ ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር ሆነው ለቅሶ ለመድረስ ይሄዳሉ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ልጆቹም ጓደኛቸውን ባዩ ጊዜ ዕንባቸው ይመጣል። ከመካከላቸው ግን አንዱ አያለቅስም። ፊቱ እንደ ወትሮው ነው። ዓይኑን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አንሥቶ ምሰሶዎቹንና ገመዶቹን ይቈጥራል። ኀዘንተኛው አጠገብ በደረሰ ጊዜም «እግዚአብሔር ያጥናህ» በማለት ፈንታ፣ የሒሳቡን መጽሐፍ ሊያውሰው ይችል እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይደነግጣሉ። አስተማሪው ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ ያወጣውና «ልብህ ደንጊያ ነው?» ይለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በተማሪ ቤቱ ውስጥ ልበ ደንዳና የሚል ስም ይወጣለታል።

አሁን ደግሞ የታሪኩ ሁለተኛ ወገን ይታሰብ። ኀዘንተኛው ልጅ ከሰባት ቀን በኋላ ወደ ክፍል ሲመለስ በመቀመጫው ላይ አንድ ደብተር ያገኛል። በሰባቱ ቀን የተሰጠው ትምህርት ሁሉ በየዓይነቱ ተለይቶ፣ ርእሱ በቀይ ቀለም ተሰምሮበት፣ የሒሳቡም ምሳሌዎች ከመጽሐፉ ገጽ ጋር ተመሳክረው በጥንቃቄ ተገልብጠውበታል። ገልባጩ ያ ያላለቀሰው ልጅ ነው። መጽሐፉን የጠየቀውም ለዚሁ ሥራ ነበር። ይህን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም አልተናገረም። ከልባቸው ካለቀሱት ልጆች መካከል ለጓደኛው አንድ ገጽ እንኳ የገለበጠለት አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው እንጂ በአንድ በታወቀ ስፍራ የደረሰ አይደለም። ሆኖም ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ይህን የመሰለ ልጅ በእጁ አላለፈም ለማለት ያስቸግራል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ስለዚያ ልጅና ስለ መሰሎቹ ነው። ኦቲዝም የሚባለው የአፈጣጠር ልዩነት ያለባቸው ሰዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ርኅራኄ የላቸውም ተብለው ሲወቀሱ ኖረዋል። ይህን ወቀሳ ለማስተባበል ራሳቸው ኦቲስቲክ የሆኑ ሰዎች ካለፈው ምእተ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ብርቱ ክርክር አድርገዋል፤ በብዙውም ረትተዋል። ነገር ግን ከድሉ በስተኋላ የተረሳ ወገን አለ። እርሱም በእውነት ርኅራኄው ያነሰ፣ የሌላው ኀዘን ወደ ሆዱ የማይዘልቅ፣ ይህንንም በራሱ ላይ አሳምሮ የሚያውቅ ኦቲስቲክ ሰው ነው። ከውጭ ያሉት ጨካኝ ይሉታል። ከውስጥ ያሉት ወገኖቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን የለም ይላሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ኦቲዝም የሚለው ቃል «ራስ» የሚል ትርጕም ካለው «አውቶስ» ከሚባል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት የስዊስ ሐኪም የነበሩት አውገን ብሎይለር ሲሆኑ፣ በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ ቃሉን ያዋሉት ስለ ሌላ የአእምሮ ሕመም ነበር። ልጆችን በሚመለከት ከሁሉ ቀድመው በጥንቃቄ የጻፉት ግሩኒያ ሱካሬቫ የተባሉ የሞስኮ ሴት ሐኪም ናቸው፤ በ1925 ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች ያወጡት ጽሑፍ ግን ለብዙ ዘመን አስታዋሽ አላገኘም። በዓለም የታወቀው ሌዎ ካነር በአሜሪካ አገር፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆነው በ1943 ያሳተሙት ነው። ካነር የተመለከቷቸው 11 ልጆች፣ ማለት 8 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ። የጽሑፋቸውም ርእስ የልጆቹን «የስሜት ግንኙነት መታወክ» የሚያመለክት ነበር። ልጆቹ ከሌላው ሰው ጋር በስሜት የመገናኘት ችሎታ ሳይኖራቸው የተወለዱ ናቸው የሚለው አሳብ የተነሣው ከዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሚያሳዝን ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጣሉት። እናቲቱ ልጇን በቀዘቀዘ ልብ ስላሳደገችው እርሱ ወደ ውስጡ ሸሸ ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 «ባዶው ምሽግ» የሚል ትርጕም ባለው ርእስ ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ በሰፊው አሠራጨ፤ ምንም እንኳ ከሦስት ዓመት በፊት በ1964 በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሳቸው የኦቲስቲክ ልጅ አባት የሆኑ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ነገሩ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑን በመጽሐፍ ቢያስረዱም። እንግዲህ መታወቅ ያለበት አስቀድመው ርኅራኄ የለሽ የተባሉት እናቶቹ መሆናቸው ነው። የእናቶቹ ክስ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ፣ ክሱ አልተሰረዘም፤ ተከሳሹ ብቻ ተለወጠ። ወደ ልጆቹ ዞረ።

ለዚህም ትልቅ ምክንያት የሆነው በ1985 በለንደን ሳይመን ባረን ኮኸን፣ አለን ሌስሊና ኡታ ፍሪት ያሳተሙት አንድ ጥናት ነው። ፈተናው ለሕፃናት አስተማሪ የሚገባ ቀላል ጨዋታ ነው። ሳሊና አን የሚባሉ ሁለት አሻንጉሊቶች አሉ። ሳሊ ብይዋን በቅርጫቷ ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። እርሷ በሌለችበት አን ብዩን ከቅርጫቱ አውጥታ በራሷ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሳሊ ተመልሳ ስትመጣ ብይዋን የምትፈልገው የት ነው? ተብሎ ልጁ ይጠየቃል። ትክክለኛው መልስ በቅርጫቱ ውስጥ የሚለው ነው፤ ሳሊ መወሰዱን አላየችምና። ከ27 ልማዳዊ እድገት ካላቸው ሕፃናት 23ቱ፣ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው 14 ልጆችም 12ቱ በትክክል መለሱ። ከ20 ኦቲስቲክ ልጆች ግን 16ቱ ሣጥኑን አመለከቱ።

ይህ ጥናት ስለ ርኅራኄ አንዳች ነገር አልለካም። የለካው አንድ ልጅ ሌላው ሰው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ የመገመት ችሎታውን ነው። ሳሊ ብይዋን በማጣቷ ታዝን እንደ ሆነ፣ ልጁም ስለ እርሷ ያዝን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሆኖም ወሬው ከጥናቱ ክፍል ወጥቶ ወደ ጋዜጣና ወደ ሕዝብ ሲደርስ ኦቲስቲክ ሰው ለሰው አያዝንም ወደሚል ተለወጠ። በትክክል የመለሱት አራቱ ልጆችም ከወሬው ውስጥ ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ መናገር ይገባል፤ የስሕተቱ ሥር በከፊል ከዚያ ስለሆነ። በ1873 ሮበርት ፊሸር የተባሉ ጀርመናዊ ሰው አንድን ሥዕል ወይም ሐውልት በሚያዩበት ጊዜ ስሜትን ወደ ውስጡ ማግባት የሚል ትርጕም ያለው ቃል አመጡ። ኤድዋርድ ቲችነር በ1909 ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ያ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ሲሸከም ይኖራል። አማርኛ ለዚህ አንድ ስም የለውም ተብሎ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጉድለት ይነገራል። እንዲያውም አማርኛ በዚህ ነገር የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ተረዳለት፣ አዘነለት፣ ደረሰለት የሚሉ ሦስት ግሦች አሉትና። ሦስቱም በ«ለት» ያልቃሉ፤ ሦስቱም የሚደረጉት ለሌላ ሰው ነው፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ነው። የተረዳለት ሁሉ አላዘነለትም፤ አታላይ ነጋዴ የገዢውን ልብ አሳምሮ ይረዳል። ያዘነለት ሁሉ አልደረሰለትም፤ ከንፈሩን መጥጦ የሚያልፍ መንገደኛ ሞልቷል። የደረሰለትም ሁሉ አንጀቱ ተላውሶ ወይም ሆዱ ባብቶ አይደለም። በሳሊና በአን ፈተና የታየው የመጀመሪያው ግሥ ብቻ ነበር። ፍርዱ ግን በሦስቱም ላይ ተሰጠ።

ከ2000 ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ይህን ልዩነት እያጠሩ መጥተዋል። በ2008 ኢዛቤል ጂዮቤክና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት አስፐርገር የሚባለው ዓይነት ኦቲዝም የነበረባቸው ጐልማሶች የሌላውን ስሜት በማወቅ ረገድ ከሌላው ሰው አንሰው ሲገኙ፣ ለሌላው በማዘን ረገድ ግን ልዩነት አልታየባቸውም። በ2010 አሊስ ጆንስና ባልደረቦቻቸው ኦቲስቲክ ልጆችን በጭካኔ ጠባይ ከታወቁ ልጆች ጋር አስተያይተው፣ ሁለቱ የተገላቢጦሽ መሆናቸውን ጻፉ፤ ጨካኞቹ የሌላውን አሳብ ያውቃሉ ነገር ግን ግድ የላቸውም፤ ኦቲስቲኮቹ የሌላውን አሳብ ማወቅ ይቸግራቸዋል እንጂ ግድ አላቸው። ከዚያ በፊት በ1996 ጄምስ ብሌር ኦቲስቲክ ልጆች ሌላውን በመጕዳትና የክፍል ሥርዓትን በማፍረስ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ሌሎች ልጆች የሚለዩ መሆናቸውን አሳይተው ነበር። ይህ የመጨረሻው በተለይ ለአስተማሪ የሚጠቅም ነው። ባልንጀራውን መምታትና ሳይፈቀድ መናገር በልጁ ዘንድ አንድ አይደሉም ማለት ነውና።

ሌላም ነገር ተገኘ። ከኦቲስቲክ ሰዎች ብዙዎቹ የራሳቸውን ስሜት ለይተው ማወቅና በቃል መናገር ይቸግራቸዋል። ይህ ሁኔታ አሌክሲታይሚያ ይባላል፤ ስሙን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡለት ፒተር ሲፍኔዎስ ናቸው። በ2019 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከ100 ኦቲስቲክ ሰዎች 50 ያህሉ፣ ከ100 ሌሎች ሰዎች ግን 5 ያህሉ ይህ ችግር ተገኝቶባቸዋል። በ2010 ጆፍሪ በርድና ባልደረቦቻቸው የሚወዱት ሰው እጅ ሲታመም የሚያዩ ሰዎችን አንጐል መርምረው፣ የአንጐሉ የስሜት ምላሽ የሚያንሰው በኦቲዝም ምክንያት ሳይሆን በዚሁ በአሌክሲታይሚያ መጠን መሆኑን ጻፉ። የራሱን ኀዘን ያልለየ ሰው የጓደኛውን እንዴት ይለይ?

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኦቲስቲክ ሰዎች ራሳቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጂም ሲንክሌር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በ1992 በአሜሪካ ኦቲስቲክ ሰዎች የሚመሩትን የመጀመሪያውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1993ም በቶሮንቶ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው እንደ ሞተ ሰው እንዳያለቅሱ ተናገሩ። በ2012 ደግሞ ዴሚየን ሚልተን የተባሉ እንግሊዛዊ ምሁር፣ እርሳቸውም ኦቲስቲክ የሆኑ፣ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት ሳይሆን የሁለቱም ወገን ችግር ነው ብለው ጻፉ። ነገሩ የአገሩን ቋንቋ ከማያውቅ እንግዳ ጋር ይመሳሰላል። እንግዳው የባላገሩን አይሰማም፤ ባላገሩም የእንግዳውን አይሰማም፤ ደንቈሮ የሚባለው ግን እንግዳው ብቻ ነው። በ2020 ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቻቸው ስምንት ስምንት ሰዎችን አሰልፈው አንድ ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ አደረጉ። ሁሉም ኦቲስቲክ የሆኑበት ሰልፍ ታሪኩን እንደ ሌሎቹ ሰልፍ በደኅና አስተላለፈ፤ ይበልጥ የጠፋው የተቀላቀሉበት ሰልፍ ላይ ነበር። በ2025 ፈተናው በብዙ ሰዎች ላይ ተደግሞ ሲታይ ግን በሰልፎቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ የተቀላቀለው ሰልፍ ይባክናል የሚለው ማስረጃ ገና ያልጸና ሲሆን፣ ኦቲስቲክ ሰዎች እርስ በርሳቸው አሳብን አያስተላልፉም የሚለው አሮጌ ወሬ ግን ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኗል።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ እውነተኛና የሚያስደስት ነው። የተበላሸው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ርኅራኄ የላቸውም የሚለውን ሐሰት ለመመለስ የተነሡት ብዙዎች፣ እንዲያውም ኦቲስቲክ ሰው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ርኅሩኅ ነው፤ የሌላው ሕመም እንደ ገዛ ሕመሙ ስለሚያቃጥለው ነው ፊቱን የሚያዞረው ማለት ጀመሩ። ይህ ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። ሌላው ሲያለቅስ ከመጠን ያለፈ ጭንቀት ይዟቸው ከክፍል ሮጠው የሚወጡ ልጆች አሉ። ነገር ግን ለአንዳንዶቹ እውነት የሆነው ለሁሉም ሲነገር፣ እውነት ያልሆነለት ሰው የሚቆምበት ስፍራ ያጣል።

ማንኛውም አስተማሪ የክፍል አማካይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የክፍሉ አማካይ 60 ሆነ ቢባል ርእሰ መምህሩ ደስ ይለዋል፤ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው 15 ያገኘ ልጅ ግን በአማካዩ ውስጥ የለም። ከላይ የተጠሩት ጥናቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ አማካይ ነው። ኦቲስቲክ ሰዎች በማዘን ከሌላው አያንሱም ሲባል፣ በመካከላቸው እጅግ የሚያዝኑና ጨርሶ የማያዝኑ ተደምረው ተካፈሉ ማለት ነው። የማያዝነው ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ ጠፍቷል እንጂ ከዓለም አልጠፋም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት በብዙው ይመሳሰላል። አያት መሞቷ ሲነገር ምንም አይሰማቸውም፤ ያልተሰማቸው መሆኑ ግን ያስፈራቸዋል። ወዳጃቸው በፊታቸው ሲያለቅስ አእምሯቸው እንደ ሒሳብ ጥያቄ ይዞ፣ አሁን መደረግ ያለበት ምንድን ነው? ብሎ ያሰላል። የኀዘንን ፊት በመስተዋት ይለማመዳሉ። ወገኖቻቸው ወደሆኑት ሄደው ይህን በግልጥ ሲናገሩ ከሦስት መልሶች አንዱ ይሰጣቸዋል። ወይ ይህን ማለትህ ለከሳሾቻችን እንጨት ማቀበል ነው ይባላሉ፤ ወይ ይህ ከኦቲዝም ሳይሆን ከአሌክሲታይሚያ ነው ይባላሉ፤ ወይ ደግሞ ሌላ ክፉ ሕመም ሳይኖርብህ አይቀርም ይባላሉ። የመካከለኛው መልስ ምሁራዊ ስለሆነ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን የምክንያቱ ስም ሌላ ቢሆንም ሰውየው ያው ሰው ነው፤ ያላለቀሰውም ያው ለቅሶ ነው። በስም ለውጥ ከቤት ማስወጣት ያው ማስወጣት ነው።

የዚህ ሁሉ ስሕተት ሥሩ አንድ ነው። ከሳሹም ተከላካዩም ማዘን ከሌለ ደግነት የለም ብለው አስቀድመው ተስማምተዋል። ከሳሹ አያዝኑምና ክፉዎች ናቸው ይላል፤ ተከላካዩ ደጎች ናቸውና ያዝናሉ ይላል። ሳይመን ባረን ኮኸን ራሳቸው በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ ርኅራኄ ያጡትን ሰዎች ጐጂና ጐጂ ያልሆኑ ብለው በሁለት ከፍለው፣ ኦቲስቲኮቹን በኋለኛው ወገን አስቀምጠው ነበር፤ ብዙዎች ግን ክፍፍሉን ትተው «ርኅራኄ ያጡ» የሚለውን ብቻ ይዘው ተቈጡ። ፖል ብሉም የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ በ2016 ባወጡት መጽሐፍ የሌላውን ስሜት መጋራት መልካም መሪ አለመሆኑን፣ ሰው የሚያዝነው በብዛት ለቀረበውና ለመሰለው መሆኑን ተከራክረዋል። ክርክራቸው በአንዳንድ ስፍራ ቢበዛም በዚህ ነጥብ ላይ የሚረታ አይደለም። ማንም አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ ሆዱን የሚያባባው የትኛው ልጅ እንደ ሆነና የትኛው እንዳልሆነ ልቡን ቢጠይቅ ነገሩን ያገኘዋል።

በአሜሪካ የታወቁት ቴምፕል ግራንዲን ለዚህ መልካም ምስክር ናቸው። ስሜታቸው የሌላውን ሰው ያህል ያልተወሳሰበ፣ ዋናውም ፍርሃት መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። ኦሊቨር ሳክስ የተባሉት ሐኪም በ1990ዎቹ ሲያነጋግሯቸው፣ የሮሜዎና የጁልየት ታሪክ ምን እንደሚያስለቅስ እንዳልገባቸው ነግረዋቸዋል። እኒህ ሴት ግን ከብቶች ወደ ቄራ በሚነዱበት ጠባብ መንገድ ራሳቸው እየዳኹ ገብተው፣ በከብቱ ዓይን ቁመት ሆነው ያስተውሉ ነበር። ከብቱን የሚያስደነግጠው በአጥር ላይ የተንጠለጠለ ልብስ፣ የሚወዛወዝ ሰንሰለት፣ በመሬት ላይ የወደቀ ጥላ መሆኑን አገኙ። ከብት ወደ መጣበት መዞር የሚወድ በመሆኑ መንገዱን አጠማዝዘው አሠሩት። በአሜሪካና በካናዳ እጅግ ብዙ ከብት ዛሬ የሚነዳው እርሳቸው በነደፉት መንገድ ነው። ለበሬ ያለቀሱ ብዙዎች ናቸው። ለበሬ የደረሱለት ግን በጥናትና በብረት ሥራ ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። ዕድር የሚባለው ማኅበር የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የዕድር ደንብ ስለ ዕንባ አንድም ቃል የለውም። ወርኃዊ መዋጮ ይከፈላል፤ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ይቀርባል፤ አባሉ ሁሉ ቀብር ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። ያላለቀሰ ግን አይቀጣም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሰው ሆድ ዛሬ ራርቶ ነገ እንደሚደነድን አውቀው፣ መድረስን ከማዘን ለይተው በሕግ አስረውታል። በሌላ በኩል ግን ሳይሸሸግ መነገር ያለበት፣ ለቅሶ ቤቱ ራሱ የሚፈልገው ሌላ መሆኑ ነው። እዚያ የሚታየው ፊት ነው፤ የሚሰማውም ድምፅ ነው። ስለዚህ ዕንባው የማይመጣለት ልጅ በዚህ አገር ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል፤ በልጅ ላይ ብቻ ሳይሆን በወላጆቹም ላይ ምን ዓይነት አሳደጉት የሚል ሐሜት ይመጣል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ ከእርሷ የሚጠበቀው ዕንባ ይበዛልና። ብዙዎቹም ሴቶች የሌሎችን ፊት በመቅዳት ስለሚሸፍኑት ነገሩ ሳይታወቅ ይቀራል።

በ2002 ዘሚ የኑስ የተባሉት የኦቲስቲክ ልጅ እናት በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቁመው፣ በ2021 እስካረፉ ድረስ ለዚሁ ሥራ ደክመዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች በብዙ ቤት ተሸሽገው ይኖሩ ነበር። እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው ለሕዝቡ ያስታወቁት በተለይ የማይናገሩትን፣ የቀን ተቀን እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ነው፤ ይህም ተገቢ ነበር። የዚህ ንግግር ልጅ ግን ይናገራል፤ ያነባል፤ በሒሳብም አንደኛ ይወጣ ይሆናል። ስለዚህ ማንም ኦቲዝም ብሎ አይጠራጠረውም። የሚሰጠው ስም የሕክምና ስም ሳይሆን የጠባይ ስም ነው፤ ደረቅ፣ ጨካኝ፣ ስድ፣ ሰው የማይወድ።

እንግዲህ አስተማሪ ምን ያድርግ? ሐኪም ይሁን አይባልም፤ ለልጁም በገዛ ግምቱ ስም አያውጣለት። ሊያደርግ የሚችለው ከጥያቄው ይጀምራል። ጓደኛው የወደቀበትን ልጅ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልስ ከሌለውም ማሳፈር፣ ያልተማረውን ቋንቋ እንዲናገር ማስገደድ ነው። «ምን ልታደርግለት ትችላለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ መልስ ያገኛል። ነገሩንም በግልጥ ቃል መንገር ያሻል። ጓደኛህ አባቱ ስለ ሞተ አዝኗል፤ በዚህ ሳምንት ስለ ትምህርት አታነጋግረው፤ ደብተሩን ግን ገልብጥለት ቢባል፣ ልጁ ቃሉን ከነጥቡ ይፈጽማል። በፊት ገጽታና በይሉኝታ የሚተላለፈውን ትእዛዝ ግን አያነበውም። በሰልፍ ፊት አቁሞ ይቅርታ ማስጠየቅም ዋጋ የለውም፤ ልጁ የሚማረው የይቅርታን ፊት መቀባት ብቻ ነው። ሌላውን ከመታ ወይም ከሰደበ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ይቀጣ፤ ለምን እንደ ተቀጣም ይነገረው። ማዘን አልቻለም ማለት መጕዳት ተፈቀደለት ማለት አይደለም፤ እርሱም ልዩነቱን እንደሚያውቅ ከላይ ተነግሯል።

ከዚህም በቀር እንዲህ ያለውን ልጅ ለማጽናናት ተብሎ በውስጥህ እኮ በጣም ታዝናለህ ማለት አይገባም። አስተማሪው ይህን የሚለው በደግነት ነው። ልጁ ግን የሌለውን ነገር እንዳለው ሲነገረው፣ ያለው ነገር ለመወደድ እንዳልበቃ ይረዳል። እንዲህ ያለው ልጅ በመረዳት ቢዘገይ ከመረዳት አይሰንፍም።

በዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ የውጤት ካርዶቹን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ይቀመጣል። ጠባይ በሚለው ዓምድ ፊት ለፊት አንድ ፊደል መጻፍ አለበት። የዚያ ልጅ ተራ ሲደርስ የለቅሶው ቀን ትዝ ይለው ይሆናል፤ እርሱን ያየው ሁሉ ነው። ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ግን ኀዘንተኛውን ተማሪ ጠርቶ፣ የሰባቱን ቀን ትምህርት ከማን እንዳገኘ ይጠይቀው፤ ደብተሩንም አስመጥቶ ይመልከተው።